ሦስት ለአንድ

መቼስ ሰው ጥፋቱን ለማውራት ሲነሣ ከሌላው ጥፋት ይጀምራል። እኛንም ቃጥቶን ነበር። ነገር ግን የዘንድሮው መስቀል ጥፋት የአምስታችንም ስለሆነ፣ አንዱን ነጥለን ሳንወቅስ «እኛ» እያልን እንጽፈዋለን።

አገራችን አታት ነው፤ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ። ለመስቀል አገሩ የማይገባ ጉራጌ የለም እንዲሉ፣ እኛም ደብተራችንን ጥለን ገባን። በመስቀል ማግሥት ጀፎረው ላይ ኳስ መግጠም ልማዳችን ነው። ጀፎረን ላላየ አንባቢ፣ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው፤ ለቅሶውም፣ ሠርጉም፣ ጨዋታውም እዚያ ነው። ባንድ ወገን ከከተማ የገባነው፣ በሌላው አገር ቤት ያሉት ልጆች እንሰለፋለን። እኩል ከሆንን በፍጹም ቅጣት ምት ስለምንለያይ አቻ የሚባል ነገር የለም። ባለፉት አራት መስቀሎች ሦስቱን እኛ፣ አንዱን እነሱ አሸንፈናል።

ዘንድሮ በዋዜማው ውርርድ መጣ። «የተሸነፈ የቅርጫ መደቡን ይልቀቅ» አሉን። ከመካከላችን ስታቲስቲክስ የሚማረው ልጅ እስክሪብቶውን መዘዘ። «አራት ተጫውተን ሦስት አሸነፍን። ሰባ አምስት በመቶ! ይሄ እኮ ውርርድ አይደለም፣ ስጦታ ነው» አለ። የተከራከረው የለም። እንዲያውም ባሰብን። በእጃችን ከነበረው ስድስት መደብ አንዱ የእኛ አልነበረም፤ ጎረቤታችን እትዬ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ሸጠው ባጠራቀሙት ገንዘብ የገቡበት፣ «አደራ ልጆቼ» ብለው የሰጡን ነው። «ግድ የለም፣ ማሸነፋችን አይቀር» ብለን እሱንም ጨመርነው።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ከቅጣት ምቶቹ እኛ ሁለት ሳትን፣ እነሱ አንድ። በቃ፣ ተሸነፍን።

ማታ እሳት ዳር ክርክሩ ጦፈ። ግማሻችን «ስሌትህ ውሸት ነው» ስንለው፣ የስታቲስቲክሱ ልጅ «ኧረ ተዉ! ሰባ አምስት በመቶ ማለት እኮ ከአራት አንዱን ትሸነፋለህ ማለት ነው፤ ዛሬ የደረሰብን ያ አንዱ ቢሆንስ?» አለ። እውነቱን ነው። አንድ ሽንፈት ስሌቱን ውሸት አያደርገውም። ጥያቄው ሌላ ነበር፤ ሰባ አምስቷን ከየት አመጣናት?

ያን ጊዜ አንዳችን የአንድ ብር ሳንቲም አወጣ፤ ባንድ ፊቱ አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን። ሁለቱ ቡድኖች ፍጹም እኩል ናቸው እንበል፤ አንበሳ ሲወጣ እኛ፣ ሚዛን ሲወጣ እነሱ ያሸንፋሉ። አራት ጊዜ ሲወረወር ሊወጣ የሚችለው 16 ዓይነት ነው፤ ሁሉንም በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ጻፍነው። ሁለት ለሁለት የሚሆነው 6 ጊዜ ነው። አራት ለዜሮ በሁለቱም ወገን 2 ጊዜ። ሦስት ለአንድ ደግሞ፣ ወይ ለእኛ ወይ ለእነሱ፣ 8 ጊዜ! ዝም ዝም ሆነ። እኩል የሆኑ ቡድኖች አራት ጊዜ ቢገጥሙ በይበልጥ የሚወጣው ውጤት ሦስት ለአንድ ነው። እኛ የብልጫችን ማስረጃ ያልነው፣ ምንም ብልጫ ባይኖረንም ሊወጣ የሚችል ነገር ነበር።

ኳስ ወዳዱ ጓደኛችን ደግሞ የአገራችንን ብሔራዊ ቡድን አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1957 በአፍሪካ ዋንጫ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። በ1959ም እንዲሁ 4 ለ 0። በእኛ ስሌት ከሁለት ዜሮ፤ ስለዚህ የማሸነፍ ዕድላችን ዜሮ! በ1962 ግን አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ በፍጻሜው ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ሁለት ግጥሚያ አይቶ «ፈጽሞ አይሆንም» ያለ ሰው፣ ያን ቀን ስታዲየም መግባት ባላስፈለገው ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር ፈረንሳዊው ሊቅ ላፕላስ የተወው ቀላል ዘዴ አለ። ምንም ከማየትህ በፊት አንድ ማሸነፍና አንድ መሸነፍ እንዳየህ ቁጠር፤ ከዚያ የራስህን ጨምርበት። የኢትዮጵያ ከሁለት ዜሮ ያኔ ከአራት አንድ ይሆናል። የእኛም ከአራት ሦስት፣ ከስድስት አራት ይሆናል፤ 67 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ውጤቱ ሲበዛ የተጨመሩት ሁለቱ አይታወቁም፤ ሲያንስ ግን አፋችንን ይይዙልናል። ይህም ቢሆን ድፍን ግምት ነው። ባለፉት ሦስት መስቀሎች ግባችንን የጠበቀው ልጅ ዘንድሮ አልገባም፤ ይህን ማንኛችንም ሒሳብ ውስጥ አላስገባንም።

ጠዋት እትዬ ቤት ሄድን። በር ላይ ቆመን ተገፋፋን። በመጨረሻ ነገርናቸው፤ ስሌቱንም ጭምር፣ እንደ ማመካኛ። እትዬ ጡረታ እስኪወጡ በአታት ሆስፒታል፣ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው በሚቆዩበት ማረፊያ የሠሩ ናቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

«ሦስቱን በሰላም ተገላግያለሁ፣ አራተኛውንም እቤቴ እወልዳለሁ የምትል ስንቷን አየሁ» አሉን። «መጥታ የምታወራችሁ እኮ የዳነችው ናት። ያልዳነችውን ማን ይቆጥራታል?»

ግቢ ተመልሰን ነገሩን ፈለግነው። የዚያን ሆስፒታል የ22 ዓመት መዝገብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008፣ ሐኪሞች አጥንተው በ2010 አሳትመውታል። እኛ አራት ጨዋታ ቆጥረን ነበር፤ እነሱ 24,148 ወሊድ ቆጠሩ። ከእነዚህ 6,805 እናቶች በማረፊያው በኩል የገቡ ናቸው። በሕይወት በተወለዱ 100,000 ሕፃናት ልክ የሚሞቱት እናቶች በእነዚህ ዘንድ 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ በመጡት ዘንድ 1,333 ነበር። ልዩነቱ ሁሉ የማረፊያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው፣ መንገድ ላይ ውለው የደረሱ ናቸውና። ቁጥር ሲበዛም እነማን እንደተቆጠሩ መጠየቅ አይቀርም። ሆኖም 1,333 ማለት ከ75 አንድ ነው። አደጋው ይህን ያህል ቢከብድ እንኳ፣ ከመቶ እናቶች 96ቱ ሦስት ጊዜ በሰላም ሊወልዱ ይችላሉ። ሦስት ጊዜ መዳን ስለ አራተኛው የሚነግረን ይህን ያህል ትንሽ ነው።

የእትዬን መደብ ከመመለሻ ገንዘባችን አዋጥተን ከፈልን፤ ከአታት እስከ ወልቂጤ በእግራችን ሄድን። መንገዱ ረጅም ስለነበር ለማሰብ ጊዜ አገኘን። ሰባ አምስትም ይሁን ስልሳ ሰባት፣ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ማሸነፍ ብቻ ነው፤ ስትሸነፍ የማን ቤት ባዶ እንደሚቀር አይናገርም። የራሳችንን አምስት መደብ ብናጣ ስንስቅ እናድር ነበር። ስድስተኛዋ ግን በየትኛውም በመቶኛ የምትወረወር አልነበረችም።

አሁን ውጤቱ ሦስት ለሁለት ነው፤ በላፕላስ ዘዴ ለከርሞ ዕድላችን ከሰባት አራት። እንጫወታለን። ቅርጫው ግን በዋዜማው ተከፋፍሎ እየቤቱ ይገባል።