አራተኛው ሰው

የአንድ ቡድን ኃይል በምን ይለካል? ይህ ጥያቄ ሲነሣ የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው በግንባር በተሰለፉት ላይ ነው፤ ፈጣኑ፣ ጉልበተኛው፣ ነጥብ አስቆጣሪው ይቆጠራል። የቴአትር ተመልካችም መጋረጃው ሲከፈት የሚያየው መሪ ተዋናዩን ነው። ዳሩ ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ ቃለ ተውኔቱን እንደ መሪው ሁሉ በቃሉ ያጠና፣ ምናልባትም ከቶ የማይደርሰውን ተራ የሚጠባበቅ ሌላ ሰው አለ። መሪው በታመመ ምሽት ትርኢቱ እንዲቀጥል ወይም አዳራሹ እንዲዘጋ የሚያደርገው ይህ ያልታየ ሰው ነው። የስፖርት ባለሙያዎች ይህን ጉዳይ «የቡድን ጥልቀት» ይሉታል፤ ይኸውም በአንድ የመጫወቻ ቦታ ከመጀመሪያው ተሰላፊ ኋላ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውም ብቁ ሰው መኖሩ ማለት ነው።

የጥልቀት ትርጉም ጎልቶ ከሚታይባቸው ጨዋታዎች አንዱ ራግቢ ነው። በኢትዮጵያ ብዙም ያልተለመደው ይህ ጨዋታ፣ ዕንቁላል መሰል ኳስ በእጅ ተይዛ የምትሮጥበት፣ በእጅ ስትወረወር ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት የማትሰጥበት፣ ኳስ የያዘውም ሰው ተይዞ የሚጣልበት ጨዋታ ነው። በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል፤ 8ቱ ፊተኞች፣ 7ቱ ኋለኞች ናቸው። ፊተኞቹ በትከሻቸው ክብደት ኳሷን ታግለው ያገኟታል፤ ኋለኞቹ በፍጥነታቸውና በብልሃታቸው ወደ ተቃራኒው መሥመር ያደርሷታል። የአንዱ ሥራ ለሌላው አይመችም። ቀጭኑ ሯጭ የከባዱን ገፊ ቦታ ልያዝ ቢል ጨዋታው ይበላሻል ብቻ ሳይሆን አንገቱም ለአደጋ ይጋለጣል።

የዚህ ጨዋታ ሁለተኛ አገሩ ኒው ዚላንድ ናት። በእንግሊዝ አገር ሲማር ራግቢን የለመደው ቻርልስ ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1870 በኔልሰን ከተማ ካስተዋወቀው ወዲህ፣ ጨዋታው በከብት አርቢውም፣ በከተማ ሠራተኛውም፣ በማኦሪው ተወላጅም፣ ከፓስፊክ ደሴቶች በመጣው ቤተሰብም ዘንድ ሥር ሰድዷል። የሕዝቧ ብዛት 5 ሚሊዮን ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ የወንዶቹን የዓለም ዋንጫ በ1987፣ በ2011 እና በ2015 ወስዳለች። የዚህ ሁሉ ውኃ ምንጩ የሰፈር ክበብ ነው። ልጆች ከአምስትና ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ በክበብ ይመዘገባሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ጨዋታቸው በአብዛኛው ወደ ትምህርት ቤት ቡድን ይዞራል። አሠልጣኞቻቸው ደመወዝተኞች አይደሉም፤ ብዙውን ጊዜ የአንዱ ልጅ አባት ወይም የሌላው እናት ናቸው።

የኒው ዚላንድ ክረምት የሚገባው በሰኔ አካባቢ ነው። ስለዚህ የራግቢው ወራት ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ የበጋው ሣር ገና ሳይረጥብ፣ ክበቦቹ የምርጫ ጨዋታ ያዘጋጃሉ። በኦክላንድ ከተማ ልጆች የሚመደቡት በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በክብደትም ጭምር በመሆኑ ሚዛን የራሱ ድርሻ አለው፤ ከተወሰነው ክብደት ያለፈ ልጅ ከታላላቆቹ ጋር እንዲጫወት ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ይጋጠማሉ። ከመሥመሩ ውጭ ወረቀትና እርሳስ የያዙ ሁለት ሦስት ሰዎች ይቆማሉ። ወላጆች እጃቸውን አጣምረው፣ ያልተጨነቁ ለመምሰል እየጣሩ ይመለከታሉ። በመጨረሻ ዝርዝር ይወጣል፤ የአንደኛው ቡድን፣ የሁለተኛው ቡድን፣ ልጆቹ ከበዙም የሦስተኛው። የ12 ዓመት ልጅ ያንን ዝርዝር የሚያነብበት ዓይን አዋቂ ሰው የፍርድ ቤት ውሳኔ ከሚያነብበት ዓይን አይለይም።

የምርጫው ሐሳብ በመሠረቱ መጥፎ አይደለም። እኩያ ከእኩያው ጋር ሲጫወት ጨዋታው ይጣፍጣል፤ አደጋውም ይቀንሳል። ችግሩ የሚመጣው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የታየው ነገር የልጁ ሙሉ ልክ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚታየው ምንድን ነው? ቀድሞ ያደገ ልጅ ነው። ትከሻው የሰፋው፣ እግሩ የረዘመው ልጅ ኳሷን ይዞ በአምስት እኩዮቹ ላይ ተራምዶ ሲያልፍ እርሳሱ ወዲያው ስሙን ይጽፋል። የሚያድገውን ልጅ ካደገው ልጅ ለይቶ ማየት ግን ጊዜ ይጠይቃል።

ለዚህ ማስረጃ የሰጠው ሌላ ጨዋታ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሮጀር ባርንስሊ የተባለ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ምሁር የአገሩን የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች የትውልድ ወር ቢመረምር፣ በተመረጡት ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ከልክ በላይ በዝተው አገኛቸው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የዕድሜ ክፍሉ በጥር 1 ቀን የሚቆረጥ ከሆነ፣ በጥር የተወለደው ልጅ በታኅሣሥ ከተወለደው ጓደኛው በአንድ ዓመት ያህል ይበልጣል። በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ አንድ ዓመት ብዙ ነው። ታላቁ ይመረጣል፤ ስለ ተመረጠ የተሻለ አሠልጣኝና ብዙ ጨዋታ ያገኛል፤ ብዙ ስለ ተጫወተም በሚቀጥለው ዓመት በእርግጥ የተሻለ ይሆናል። እንዲህ እየሆነ የቀን መቁጠሪያው ሥራ የተፈጥሮ ስጦታ መስሎ ይታያል። በሌሎች ብዙ የስፖርት ዓይነቶችም ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል።

ሌላው ስሕተት ልጁን በአንድ ቦታ ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። በደቡብ ኦክላንድ ያደገው፣ ወላጆቹ ከቶንጋ የመጡት ጆና ሎሙ በትምህርት ቤት ዘመኑ ከፊተኞቹ ጋር ነበር የሚሰለፈው። ወደ ክንፍ የተዛወረው ኋላ ነው። በ1994 ለብሔራዊው ቡድን ለኦል ብላክስ ሲሰለፍ ገና 19 ዓመቱ ነበር። በ1995 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በእንግሊዝ ላይ አራት ጊዜ መሥመሩን አልፎ ነጥብ ያስቆጠረው በዚያው በክንፍ ቦታ ነው። አንድ ሰው «ይህ ልጅ ፊተኛ ነው» ብሎ ደብተሩን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ ዓለም ያንን ሩጫ ባላየ ነበር።

እንግዲህ የምርጫው ዝርዝር ወጣ እንበል፤ የጥልቀት ነገር የሚፈተነው ከዚያ በኋላ ነው። በራግቢ ስክረም የሚባል ሥርዓት አለ። ከየወገኑ ስምንት ፊተኞች ተቆላልፈው፣ ራስ ለራስ ተጠላልፈው፣ በመካከላቸው ለምትገባው ኳስ ይገፋፋሉ። የዚህ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በፊተኛው ረድፍ በሚቆሙት ሦስት ሰዎች አንገትና ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ የጨዋታው ሕግ በዚህ ረድፍ ላይ ያልሠለጠነ ሰው እንዲቆም አይፈቅድም። 23 ተጫዋቾች በሚመዘገቡበት ጨዋታ ለሦስቱም ቦታ የሠለጠነ ተተኪ መኖር አለበት፤ የሠለጠነ ሰው ከጠፋ ስክረሙ ያለ መገፋፋት ይደረጋል። ከ19 ዓመት በታች ለሆኑትም መገፋቱ ከአንድ ሜትር ተኩል እንዳያልፍ ተወስኗል። በኒው ዚላንድ ከ2001 ጀምሮ አሠልጣኞችና ዳኞች በየዓመቱ የደኅንነት ትምህርት እንዲወስዱ ግዴታ ሆኗል፤ ከዚያም ወዲህ በስክረም የሚደርሰው የአከርካሪ ጉዳት መቀነሱ ተመዝግቧል።

ሕግ ግን ሰው አይፈጥርም። በመጋቢት ምርጫ ሁለት ወፋፍራም ልጆችን ብቻ መርጦ ሦስተኛውንና አራተኛውን ያሰናበተ አሠልጣኝ፣ በሐምሌ ዝናብ አንዱ ጉልበቱ ሲያብጥ ሌላው ጉንፋን ሲይዘው ባዶ እጁን ይቀራል። ያን ጊዜ ዓይኑ ወደ ቀጭኑ ልጅ ያማትራል፤ «ለዛሬ ብቻ ግባልኝ» የምትል ቃል ወደ አፉ ትመጣለች። ራሱን የተመታ ልጅ ወዲያው ከሜዳ ወጥቶ በዚያ ቀን እንዳይመለስ የሚያዝዘው መመሪያም የሚፈተነው በዚህች ሰዓት ነው። ተጠባባቂ ያለው አሠልጣኝ ልጁን ያለ ማቅማማት ያወጣል። ተጠባባቂ የሌለው ግን የልጁን ዓይን እያየ «ደኅና ነህ አይደል?» ሲል ይጠይቃል፤ ልጁም መጫወት ስለሚወድ «ደኅና ነኝ» ይላል። ስለዚህ ጥልቀት የድል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእውነተኛነትም ጉዳይ ነው። ሰው የሌለው አለቃ እውነቱን ለማየት ይፈራል።

ስለ አራተኛው ሰው ከተነሣ የ2011ን ዓመት ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በዚያ ዓመት ኒው ዚላንድ የዓለም ዋንጫውን ስታስተናግድ፣ ጨዋታውን በሚመራውና በሚያከፋፍለው በ10 ቁጥር ቦታ ዳን ካርተር ነበራት። ካርተር ከውድድሩ መካከል በልምምድ ላይ ተጎዳ። ሁለተኛው ኮሊን ስሌድ በሩብ ፍጻሜው ተጎዳ። ሦስተኛው አሮን ክሩደን በፍጻሜው ጨዋታ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ጉልበቱ ታጥፎ ወጣ። የገባው አራተኛው ሰው ስቲቨን ዶናልድ ነበር። ዶናልድ ከአንድ ዓመት በፊት በሆንግ ኮንግ ኒው ዚላንድ በአውስትራሊያ 26 ለ24 ስትሸነፍ ብዙ ወቀሳ የወረደበት ሰው ነው፤ ለዓለም ዋንጫው በተመረጠው ዝርዝርም አልነበረበትም። ጥሪው ሲደርሰው በዋይካቶ ወንዝ ጥቃቅን ዓሣ በማጥመድ ላይ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን በኤደን ፓርክ ሜዳ፣ የጠበበ ማሊያ ለብሶ የገባው ይህ ሰው በሁለተኛው አጋማሽ መጀመሪያ ላይ የቅጣት ምቷን ከግንዶቹ መካከል አሳለፋት። ጨዋታው 8 ለ7 አለቀ፤ ፈረንሳይ በአንድ ነጥብ ተሸነፈች።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የዕድል ጨዋታ አድርገው ይተርኩታል። ነገር ግን ዕድል ሊያደርግ የቻለው ጥሪውን ማድረስ ብቻ ነው፤ ኳሷን የመታው እግር ከልጅነቱ ጀምሮ በክበብ ሜዳ የተገራ እግር ነው። ወቀሳው በበዛበት ጊዜ መጫወት ትቶ ቢሆን ኖሮ በወንዙ ዳር የሚገኘው ዓሣ አጥማጅ ብቻ በሆነ ነበር። የጥልቀት ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ጥልቀት የሚገኘው ብዙ ሰው በመምረጥ ብቻ አይደለም፤ ያልተመረጠው ሰው ጨዋታውን እንዳይተው በማድረግ ነው።

ይህንን ከተገነዘቡት አንዱ በሰሜን ኦክላንድ የሚገኘው የኖርዝ ሃርበር ራግቢ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ2019 ክልሉን ይወክሉ የነበሩትን የታዳጊዎች ምርጥ ቡድኖች አስቀረ። በዚያው ዓመት የራግቢ፣ የእግር ኳስ፣ የክሪኬት፣ የሆኪና የኔትቦል ብሔራዊ አካላት ከመንግሥቱ የስፖርት ድርጅት ጋር ሆነው፣ ልጆችን አለጊዜያቸው ከመለየት ይልቅ በጨዋታ ማቆየት እንዲቀድም የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ተቃውሞ አልጠፋም። «ውድድር ያልቀመሰ ልጅ ሲያድግ በምን ይበረታል?» የሚሉ ተነሡ፤ ጥያቄያቸውም ተራ አይደለም፤ ምክንያቱም የዚያች አገር ራግቢ የተሠራው በውድድር ነው። ሆኖም መጋጠምና መጣል አንድ አይደሉም። ልጅ በየሳምንቱ ተጋጥሞ ቢሸነፍ ሽንፈቱ ትምህርት ይሆነዋል። በመጋቢት «አትሆንም» ተብሎ የሄደ ልጅ ግን የሚማርበት ሜዳ የለውም።

ታዲያ ምርጫው ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። መልካም ምርጫ የሚባለው በአንድ ከሰዓት በኋላ የማያልቅ ነው። ልጁ ቢያንስ በሁለት ቦታ ተሰልፎ ይታያል፤ ወራቱም ከተጋመሰ በኋላ ዝርዝሩ እንደገና ይከፈታል። በሁለተኛው ቡድን የተመደበው ልጅ ለምን እንደ ተመደበና ምን ቢያሻሽል እንደሚበጅ ከአሠልጣኙ አንደበት ይሰማል እንጂ ከግድግዳ ላይ አያነብም። የሁለተኛው ቡድን አሠልጣኝ ከአንደኛው ያነሰ ሰው እንዲሆን አይደረግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በፊተኛው ረድፍ ሊቆም የሚችለው አራተኛው ልጅ፣ ጨዋታ ባይደርሰውም እንኳ፣ አንገቱን እንዴት እንደሚያቀና፣ እግሩን እንዴት እንደሚተክል ከሌሎቹ እኩል ይማራል። ይህ ሁሉ ድካም ነው፤ ደመወዝ ለማያገኝ አሠልጣኝ ደግሞ ድርብ ድካም። ሆኖም በሐምሌ ዝናብ የሚመጣውን ጭንቀት አስቀድሞ በመጋቢት መክፈል ማለት ነው።

ጉዳዩ በሩቅ ደሴት በሚደረግ ጨዋታ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። መምህር ሁልጊዜ እጁን ለሚያወጣው ተማሪ ብቻ ዕድል ሲሰጥ፣ የቴአትር አዘጋጅ ድምፁ የጎላውን ብቻ ሰምቶ ቀስ ብሎ የሚበስለውን ሲያሰናብት፣ ያው የምርጫ ጨዋታ እየተካሄደ ነው። ያወጣው ዝርዝር ለጊዜው ያምራል፤ የመጀመሪያው ሰው ሲጎድል ግን ከኋላው ማንም የለም። ዝርዝር የሚያወጣ ሁሉ ከላይ ለጻፋቸው ስሞች መጨነቁ ተፈጥሮአዊ ነው። ኃላፊነቱ የሚታወቀው ግን በወረቀቱ ግርጌ በጻፈው ስም ነው። የዚያ ስም ባለቤት በሚቀጥለው ማክሰኞ ለልምምድ ከመጣ ቡድኑ ጥልቀት አለው።