በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ባዶ ስፍራ

ከደጎሎ ተነሥቶ ወደ መካነ ሰላምና ወደ ቦረና ምድር የሚዘልቅ መንገደኛ የጋሥጫን ገዳም ስም ሳይሰማ አያልፍም፤ ገዳሙ የሚጠራበት አባ ጊዮርጊስ መጽሐፈ ምሥጢርን በ1416 ዓ.ም. የፈጸመ፣ ሰዓታትንና አርጋኖንን የደረሰ ሊቅ ነው። እንዲህ ያለውን ድርሰት በብራና የሚገለብጡ ጸሐፍት ከቀለሙ አስቀድመው የሚያሰናዱት ባዶውን ስፍራ ነበር፤ ብራናው ተፍቆ ከለሰለሰ በኋላ በወስፌ ይበሳል፣ መስመሩ ይሰመራል፣ ኅዳጉ ይለያል፣ ዓምዱ ይከፈላል፤ ቃሉ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የዜማው መጽሐፍ የድጓ ገልባጭማ መስመሩን ይበልጥ አራርቆ ይጽፋል፤ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንደ ደረሱት የሚነገረው የዜማ ምልክት፣ ይዘቱና ደረቱ፣ ድፋቱና ቅናቱ፣ ጭረቱና ርክርኩ፣ ማደሪያው ከፊደሉ ራስ በላይ ባለው በዚያ ጠባብ ክፍት ነውና።

ይህ ሀብት ወደ ኢንተርኔት ሲሻገር የሚቀበለው ሕግ ግን ሌላ ነው። ኤችቲኤምኤል የተባለው የገጽ አጻጻፍ፣ ሠሪው ኮዱን እንደ ፈቀደ ከፋፍሎ እንዲጽፍ በማሰብ፣ የተደራረበውን ክፍትና የመስመሩን መቋረጥ ሁሉ ወደ አንድ ክፍት ያጠቃልላል። ዜና በዚህ አይጎዳም፤ ከቅኔ ወገን ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃናና ስምንት ቤት ያለው መወድስ ግን እንደ ተራ ዐረፍተ ነገር ተዘርግተው፣ ቤት መምቻው ፊደል በመካከል ተቀብሮ፣ ተማሪው የት አርፎ የት እንደሚነሣ ሳያውቅ ይቀራል። አባቶች በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያኖሩ ስለ ነበር መለያው ራሱ ቀለም ነበረ፤ እኛ ያን ትተን መለያውን ለባዶው ብቻ አደራ ስለ ሰጠን፣ የባዶው ሸክም ዛሬ ከቀድሞው ይከብዳል።

የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር የሚመዘገቡበት ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 እ.ኤ.አ. ከሁለት ነጥቡ ጋር ተቀብሎ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. 10 የዜማ ምልክቶችን ጨመረልን፤ ለዚህ የደከሙትን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ምልክቶቹ ከፊደሉ ጎን ይሰለፋሉ እንጂ በራሳቸው ወደ ላይ አይወጡም፤ ማደሪያቸውን ማሰናዳት የገጽ ሠሪው ፈንታ ነው።

መሣሪያው ደግሞ በእጁ አለ፤ «ፕሪ ራፕ» የተባለው ትእዛዝ የቅኔውን ክፍትና መስመር እንደ ተጻፈ ይጠብቃል፣ ጃፓኖች የቃላቸውን ንባብ ከላይ የሚያኖሩበት «ሩቢ»ም ለድጓው ምልክት ሊያገለግል ይችላል። ብዙዎች የብራናውን ፎቶግራፍ ለጥፈው ይረካሉ፤ ፎቶግራፉ ስፍራውን በእርግጥ ይጠብቃል፣ ነገር ግን ቃል አይፈለግበትም፣ ዓይኑ የታወረ ደብተራም በስልኩ ድምፅ አንባቢ አይሰማውም።

ስለዚህ ቅኔና ዜማ በድረ ገጽ የምታወጡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ገጹን ከመልቀቃችሁ በፊት በጠባብ ስልክ ከፍታችሁ ለአንድ መሪጌታ ስጡትና ያዚመው፤ ስልኩ ስለ ጠበበ የታጠፈውን መስመር ከቤቱ ፍጻሜ ለይቶ ማየት ካልቻለ፣ የታጠፈውን ጥቂት ወደ ውስጥ አስገቡለት።