«ቴስተርሽ ተበላሽቷል»

ባለፈው ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ ወጥተን ሳለ የደረሰብኝን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ማውጣቴ አንዳንድ ጓደኞቼን ያስቅ ይሆናል። ይሳቁ። ነገሩ ግን በእኔ ብቻ የሚደርስ አይመስለኝም።

የተመደብኩት ስምንተኛ ክፍል ነበር። የዕለቱ ርዕስ ከቮልቴጅና ከኮረንቲ ተነስቶ ሬዚስታንስንና ፓወርን ማስላት ሲሆን፣ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ተዘጋጅቼበታለሁ። 220 ቮልት፣ 60 ዋት የሚል የተጻፈበት አምፖል ይዤ ገባሁ። ፓወር ማለት ቮልቴጅ በኮረንቲ ሲባዛ ነውና 60ን ለ220 አካፍዬ ኮረንቲው 0.273 አምፔር ገደማ መሆኑን በሰሌዳው ላይ አሳየሁ። ቀጥሎ ቮልቴጁን ለኮረንቲው ሳካፍል ሬዚስታንሱ 807 ኦም ገደማ ሆነ። ተቆጣጣሪዬ ከኋላ ተቀምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ወንድሟ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ቴስተሩን ተውሳ መጥታ ኖሯል። «ቲቸር፣ እኔ ልለካው?» አለችኝ። አምፖሉ ከመብራት ጋር አልተገናኘምና ፈቀድኩላት። ቴስተሩ 62 ኦም አለ።

ላብ አጠመቀኝ። ስሌቱን በዓይኔ ደገምኩት፤ ስሕተት የለበትም። ተቆጣጣሪዬ ብዕራቸውን ሲያነሱ አየሁ። ወዲያው ከአፌ የወጣው «ቴስተርሽ ተበላሽቷል፤ ተቀመጪ» የሚል ሆነ። ልጆቹ ሳቁባት። ቴስተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተቀመጠች፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅም እጇን ዳግመኛ አላወጣችም። እውነቱን ለመናገር፣ ቴስተሩ ደህና መሆኑን እኔው ገና ስናገር ጠርጥሬ ነበር።

ማታ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነገሩ ተገለጠልኝ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። እሷ የለካችው ቀዝቃዛ አምፖል ነው፤ እኔ ያሰላሁት የበራውን ነው። በውስጡ ያለው የተንግስተን ሽቦ ሲበራ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ሲግል አተሞቹ ይበልጥ ይንቀጠቀጡና የኤሌክትሮኖቹን መንገድ ያውካሉ፤ ሬዚስታንሱም ከአሥር እጥፍ በላይ ይጨምራል። እንግዲህ አስቡት፤ ማብሪያውን በተጫንን ቅጽበት የሚገባው 220 ለ62 ሲካፈል፣ ማለትም 3.5 አምፔር ያህል ነው! አምፖል ብዙ ጊዜ ገና ሲያበሩት ጧ ብሎ የሚቃጠለው በዚህ የተነሳ ነው። ይህን የመሰለ ትምህርት እጄ ላይ መጥቶ «ተቀመጪ» ብዬ መለስኩት።

ሕጉን ያወጣው ጆርጅ ኦምም እኮ በኮሎኝ ከተማ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። የባትሪው ኃይል አልረጋ ብሎ ውጤቱን ቢያበላሽበት፣ በሙቀት ልዩነት የሚሠራ ሌላ የኤሌክትሪክ ምንጭ ተጠቅሞ እንደገና ለካ፤ መጽሐፉንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1827 አሳተመ። እኔ አንድ ሌሊት እንኳ ሳልታገሥ ነው የፈረድኩት።

ልምምዱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። የክፍሉን መምህር አሥር ደቂቃ ለመንኳቸው፤ «ለምን ራስህን ታዋርዳለህ?» አሉኝና ግን ፈቀዱልኝ። በተማሪዎቹ ፊት ቴስተሩ ልክ እንደነበረ፣ የዋሸሁት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። 807ንና 62ን ጎን ለጎን ጽፌ ምክንያቱን አስረዳሁ።

ልጅቷ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና እጇን አወጣች። «ታዲያ ቲቸር፣ የእኛ ቤት ምድጃ 1,000 ዋት ነው። ሳሰላው 48 ኦም መጣ፤ ቀዝቅዞ ስለካው 47 ነው። እሱ ለምን አልተለወጠም?»

አሁንም ላብ አጠመቀኝ። «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኳት። ማንም አልሳቀም።

የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅኩ። የምድጃው ሽቦ ኒክሮም ነው፤ ኒክሮም ቢግልም ሬዚስታንሱ የሚጨምረው በጥቂቱ ብቻ ነው። ይህንኑ በግማሽ ገጽ ጽፌ በክፍሉ መምህር እጅ ላክሁላት።