ናሚብ፦ በጎማና በእግር

ዊንድሁክ ላይ የተገናኘነው የሰኔ ጾም ከገባ በኋላ ነው፤ እኔ ከአዲስ አበባ፣ እትዬ ከጀርመን። እሷ በነርስነት ረጅም ዘመን በኖረችበት አገር የሥራ ባልደረቦቿ ለዕረፍት ናሚቢያ ደርሰው ሲመለሱ ስታዳምጥ ኖራ፣ «የገዛ አህጉሬን እስከ መቼ ከሰው አፍ እሰማለሁ?» ብላ ተነሣች። ዕቅዱ የእሷ ነው። መኪና ተከራይተን ራሳችን እየነዳን እንዞራለን፤ መሃል ላይ መኪናዋን አንድ ግቢ ውስጥ አቁመን የናሚብን በረሃ ከመንገድ መሪ ጋር በእግር እንሄዳለን። እኔ የተጠራሁት ለሹፌርነት ነበር። ስለ እግሩ ጉዞ ያማከረኝ የለም።

ናሚቢያ ስፋቷ የኢትዮጵያን ሦስት አራተኛ ያህላል፤ ሕዝቧ ግን 3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይህን አንብቤው ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን አስፋልቱ አልቆ ፒስታው ሲጀምርና ለረጅም ሰዓት ከፊትም ከኋላም መኪና ሳጣ ነው። የሚነዳው በግራ ነው፣ መሪው በቀኝ። ፍሬቻ ላበራ ስል የዝናብ መጥረጊያው ይነሣል፤ ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር መስታወት እየጠረግሁ ከከተማ ወጣሁ። እትዬ ሳቋን መግታት አቅቷት «አንተ ልጅ፣ ዝናቡ በረታብህ እንዴ?» ትላለች።

ያከራየን ሰው ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክና የንፋስ መለኪያ አንድ በአንድ አሳይቶን ነበር። በፒስታ ከ80 እንዳናልፍ፣ ጀምበር ከጠለቀች እንዳንነዳ አስጠነቀቀን፤ በጨለማ አጋዘን ዘሎ መስታወት ላይ ይወድቃል፣ ኢንሹራንሱም በሌሊት ለደረሰ ነገር አይከፍልም። «እዚህ አገር ቱሪስት የሚገለበጠው ከሌላ መኪና ተጋጭቶ እንዳይመስላችሁ፤ ብቻውን ነው» አለን። ምክንያቱን መንገዱ ራሱ አሳየኝ። ልቅ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይንከባለላል፤ ኩርባ ላይ ድንገት ፍሬን ከያዙ መኪናዋ በራሷ ፈቃድ ነው የምትሄደው። መድኃኒቱ ከጎማው ንፋስ ቀነስ ማድረግ፣ ኩርባው ሳይመጣ ማርሽ መቀነስ፣ ከሩቅ አቧራ ሲታይ ረገብ ማለት ነው። የአገራችንን ፒስታ የነዳ ሰው ይህን ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ፍየልም፣ እረኛም፣ ጭድ የጫነ አህያም ስላለ ሰው ሳይወድ ነቅቶ ይነዳል። እዚያ ግን ባዶነቱ ያስተኛል።

ስፕሬትስሆክተ ከሚባለው ቁልቁለት አናት ላይ ቆምን። ጎሐ ጽዮን ላይ ሆኖ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ያየ ሰው ሆዱ እንዴት ባር ባር እንደሚለው ያውቃል፤ ናሚብም ከደጋው ጠርዝ ሲታይ እንደዚያ ነው፤ ብቻ ከታች ወንዝ የለም፣ ማዶም የለም። ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ በመሆኑ ተሳቢ የሚጎትት መኪና አይፈቀድበትም። በአንደኛ ማርሽ ወርደን ሶሊቴር ላይ ነዳጅ ሞላን። ሶሊቴር ከተማ አይደለም፤ ማደያ፣ ሱቅ፣ አሸዋ ላይ የዛጉ አሮጌ መኪኖችና በፖም ኬኩ ስሙ የወጣ ዳቦ ቤት ነው። እትዬ ቅቤ አለው ብላ አልነካችውም። የእሷንም እኔው በላሁት።

ከዚያ ወደ ሰስሪም ስንሄድ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ክሪኩን ሳላወጣ ሁለት መኪኖች አጠገባችን ቆሙ፤ በዚያ መንገድ ቆሞ የተገኘን ሰው አልፎ መሄድ ነውር ነው። አንዱ ሽማግሌ ገበሬ ከመኪናው ጣውላ አውጥቶ ከክሪኩ ሥር አነጠፈልኝ፤ ያለ ጣውላ አሸዋው ክሪኩን ይውጠዋል። የፈነዳውን ጎማ ጎሚስታ ሳታሳዩ ከሰስሪም እንዳትወጡ ብሎን ሄደ። በአንድ ስኮርታ ብቻ ወደ ደቡብ መንዳት እዚያ አገር እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ቂልነት ይቆጠራል።

በእግር የምንሄድበት ናሚብራንድ ከሰስሪም በስተደቡብ ነው። ዛሬ ከ200 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍን የግል ጥብቅ ቦታ ይሁን እንጂ፣ ድሮ ገበሬዎች በጎች የሚያረቡባቸው እርሻዎች ስብስብ ነበር። ድርቅ እርሻዎቹን ሲያራቁት፣ አልቢ ብሩክነር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1984 መሬት እየገዛ ማጠቃለል ጀመረ፤ አጥሮቹም ተነሡ። የአጥሩ ነገር ቀላል አይደለም። ናሚብ ውስጥ ዝናብ ዛሬ እዚህ ከጣለ ነገ ሌላ ቦታ ነው፤ ሣር ተከትሎ መሄድ ያልቻለ እንስሳ ሽቦው ሥር ይሞታል። ቱሪስቱንም በልክ ነው የሚያስገቡት፤ በአማካይ ለ1 ሺህ ሄክታር አንድ አልጋ። ዋጋው ይህንኑ ያንጸባርቃል፤ ርካሽ ነው ብዬ አላታልላችሁም።

ከድሮዎቹ እርሻዎች በአንዱ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ቆልፈን ሻንጣችንን አስረከብን። ለሁለት ሦስት ቀን የሚሆን ልብስ በትንሽ ቦርሳ፣ ውሃ፣ ኮፍያ፣ በቃ። መኝታውና ስንቁ በሌላ መንገድ በመኪና ቀድሞ ይሄዳል። መንገድ መሪያችን የናማ ተወላጅ፣ ቀጠን ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። የመጀመሪያው ትእዛዙ ተሰልፈን እንድንሄድ ነበር፤ ጠጠራማው ሜዳ ላይ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ሰው ዱካ ይረግጣል። እኔ ይህ ሁሉ ባዶ ሜዳ እያለ ምን ያሰልፈናል ስል ነበር። ጥቂት እንደሄድን ቆመና ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ጭረቶች አሳየን። የጭነት መኪና ጎማ ነው። «እኔ ከመወለዴ በፊት ያለፈ ነው» አለ። የአሸዋውን ክምር ነፋስ በአንድ ሌሊት ያስተካክለዋል፤ ጠጠራማው ሜዳ ግን ቅርፊቱ አንዴ ከተሰበረ ለብዙ አሥርት ዓመታት አይድንም። ከመንገድ ወጥቶ መንዳት የተከለከለውም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የፊቴን ሰው ዱካ ሳልረግጥ አልተራመድኩም።

ከመኪና ሲያዩት ናሚብ ቀለም ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ እና ከዚያ ወዲያ ምንም። በእግር ግን በየአምስት ደቂቃው እንቆማለን። ጥንዚዛ ያለፈበት ስፌት የመሰለ መስመር አለ። አሸዋው ሥር ለሥር ተፈልፍሎ ያበጠበት ቦታ አለ፤ ዓይነ ስውሩ ወርቃማ ፍልፈል ሌሊት ምስጥ ሲያሳድድ ያለፈበት ነው። ሆዱን መሬት ላይ እያንኳኳ ሚስት የሚፈልገው ጥቁር ጥንዚዛ ቶክቶኪ ይባላል፤ መሪያችን በጣቱ መሬቱን መታ መታ ሲያደርግ አንዱ መለሰለት። ውሃ ጉድጓድ ዳር ቆቅ የምትመስል ወፍ አየን፤ ወንዱ የሆዱን ላባ ውሃ ውስጥ ነክሮ ብዙ ኪሎ ሜትር በርሮ ለጫጩቶቹ ያጠጣል። የናሚብ ሳላ እንኳ፣ አዋሽ ፓርክ ለምናውቀው ሳላ የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ ጥላ የሌለው ሜዳ ላይ ቆሞ ሲውል ደሙ የማይፈላው፣ ወደ አንጎሉ የሚወጣውን ደም የአፍንጫው አየር ስለሚያቀዘቅዝለት ነው አሉን።

ሣሩ መሃል ደግሞ ምንም ያልበቀለባቸው ክብ ክብ ባዶ ቦታዎች አሉ፤ ከኮረብታ ላይ ሲታዩ ሜዳው ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል። ምስጥ ነው የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ፤ ሣሩ ለውሃ ሲሻማ ራሱ የሚፈጥረው ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም። እትዬ መሪያችንን አንተስ ምን ትላለህ አለችው። «ከሁለቱም ጋር በልቻለሁ፤ ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለ። እንዲህ ያለ መልስ ሽምግልና የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚሰጠው።

ምግቡ አሳስቦን ነበር፤ በደቡባዊ አፍሪካ ማታ ማታ የሚቀርበው ሥጋ ጥብስ ነው። እትዬ ግን ገና ቦታ ስትይዝ ጾመኛ መሆኗን ጽፋ ነበርና ከጥብሱ ጎን ምስር፣ ዱባና ዳቦ ቀረበላት። እኔ ሁለቱንም በላሁ። መኝታው በአሸዋው ክምር ግርጌ ሜዳ ላይ የተዘረጋ አልጋ ነው፤ ድንኳን የለም። ሰኔ እዚያ ክረምት ነውና ቅዝቃዜው ደብረ ብርሃንን ያስንቃል። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም አቀፉ የጨለማ ሰማይ ማኅበር ጥብቅ የጨለማ ሰማይ ቦታ ተብሏል፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ደቡባዊው መስቀል የሚባሉት አራት ኮከቦች ከአገራችን ሲታዩ ከአድማስ ብዙም አይርቁም፤ እዚያ ግን ከፍ ብለው ወጥተው ነበር። እትዬ አማትባ ተኛች። እኔ ቀበሮ ሲጮህ እየሰማሁ ዘግይቼ ተኛሁ።

እሳት ዳር መሪያችን ኢትዮጵያዊ መሆናችንን ሲሰማ ስለ ሯጮቻችን ጠየቀን። እኔ ደግሞ የሄጉን ክስ አነሣሁለት። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ደቡብ አፍሪካን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የምትባለውን ይህችን አገር በአፓርታይድ ስለያዘች። ክርክሩ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ። በሐምሌ 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ ሰብሳቢው በራሱ ድምፅ ሚዛኑን ደፍቶ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ ክሱ ወደቀ። ሰውዬው ይህን አልሰማም ነበር። ወሩን ደግሞ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከዚያ «በሚቀጥለው ወር፣ ኦገስት 26፣ የእኛዎቹ ጠመንጃ አነሡ» አለ። የነጻነት ንቅናቄው የስዋፖ የትጥቅ ትግል የተጀመረበት ይህ ቀን ዛሬ የጀግኖች ቀን ሆኖ ይከበራል። ነጻነቱ የመጣው በመጋቢት 1990 ነው። የእኛ የትምህርት ቤት ታሪክ ዓድዋ ላይ ቆሞ ይህን የሄግ ክስ ለምን እንደሚዘልለው አይገባኝም።

ወደ መኪናችን ስንመለስ የነዳሁት በ60 ነበር፤ የሚያጣድፈኝ አልነበረም፣ እትዬም በየደቂቃው «ቁም!» ትላለች። ዱካ አይታ ነው፤ ወይም የግራር ቅርንጫፍ ላይ የጎጆ ክዳን የሚያህል የወፎች የጋራ ቤት አይታ። የአሸዋ ተራሮቹ ያሉበት ሶስሱስቭሌይ የገባነው በዚህ ዓይን ነው። መግቢያው የሰስሪም በር ሲከፈት መኪናው ሁሉ ፀሐይ ሳትወጣ ለመድረስ ይሽቀዳደማል፤ 60 ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ከዚያ በፎር ዊል ብቻ የሚታለፍ 5 ኪሎ ሜትር ያህል አሸዋ። ከበሩ 45ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስላለ ቁጥር 45 በሚባለው የአሸዋ ተራራ ላይ ሰው ጉንዳን መስሎ ተሰልፏል። እኛ አልፈን ዴድቭሌይ ገባን። የፃውቻብ ወንዝ ውሃ በአሸዋው ከተዘጋ በኋላ የደረቁት ግራሮች ከሞቱ 600 ዓመት ያልፋቸዋል፤ አየሩ ከመድረቁ የተነሣ አልበሰበሱም፤ ከሰል መስለው ቆመዋል። ሰዉ ፎቶ ያነሣል፣ ይመለሳል። እትዬ ግንዱ ሥር ተቀምጣ የእንሽላሊት ዱካ ትከተል ነበር።

በኩዊሴብ ሸለቆ አልፈን ባሕር ዳር ደረስን፤ ስዋኮፕሙንድ። ጭጋጉ ከባሕር እየገባ ናሚብን የሚያጠጣው በዚህ በኩል ነው። ከተማዋ ጀርመን ናት፤ ዳቦ ቤቱ፣ የመንገዱ ስም፣ የቤቱ ጣሪያ። እትዬ በጀርመንኛ ቡና ስታዝዝ አስተናጋጇ ፈገግ አለች። ከሰዓት በኋላ ግን ከከተማው ዳር ወዳለው መቃብር በእግር ሄድን። የነጮቹ መቃብር አረንጓዴ ነው፣ ውሃ ይጠጣል። ከጎኑ ሜዳው ላይ ስም የሌላቸው የአሸዋ ጉብታዎች አሉ፤ ብዛታቸውን ዓይን አይጨርሰውም። እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1908 በጀርመን ጦር በተፈጸመው እልቂት በማጎሪያ ካምፕ ያለቁ ሄሬሮዎችና ናማዎች ናቸው። ጀርመን ድርጊቱን የዘር ማጥፋት ብላ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ በ30 ዓመት የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮም ለልማት ቃል ገባች፤ ብዙ የተጎጂ ዘሮች ግን ድርድሩ ላይ አልተቀመጥንም ብለው ተቃወሙ። መንገድ መሪያችን ናማ መሆኑን ያኔ አስታወስኩ። በጉብታዎቹ መካከል የእግር መንገድ ቢጤ አለ፤ እትዬ ፊት ሄደች፣ እኔ ዱካዋን ረግጬ ተከተልኳት። የጀርመን ፓስፖርት ቦርሳዋ ውስጥ ነው። እስክንወጣ አልተናገረችም፤ ስንወጣ «ይሄን በሥራ ቦታዬ ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አለች።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ የእኔ ምክር አጭር ነው። አገሪቱ በሙሉ በአንድ ጉዞ አትታይም፤ እኛ የኢቶሻን ፓርክ ትተነዋል፣ አልቆጨንም። የእግሩን ጉዞ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ የምትነዱት መንገድ ሁሉ ሌላ መንገድ ይሆናል። ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ለእግር ይመቻል፤ በበጋቸው ሙቀቱ አያስኬድም። ጾመኛ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ጻፉላቸው። ሁለት ስኮርታ ሳትይዙ ከዊንድሁክ አትውጡ። የእግር ጉዞው ቦታ ጥቂት ስለሆነ እሱን ከወራት በፊት ያዙ፤ መኪና አይጠፋም።