መርፌ የማይወጋ ዶክተር

ባገራችን «ዶክተር» የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ነጭ ጋውን፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ማዳመጫ፣ የማይነበብ ጽሕፈት። ሌላው ዓይነት ዶክተር፣ ማለትም ሲመራመር ኖሮ ማዕረጉን ያገኘው፣ ሰርግ ቤት ሄዶ «ዶክተር እገሌ ነው» ከተባለ አለቀለት። አንዱ ወገቡን፣ ሌላው ጉልበቱን ያሳየዋል። «እኔ የምስጥ ዶክተር ነኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? ቃሉ ግን መጀመሪያ የነሱ ነበር። በላቲን «አስተማሪ» እንደ ማለት ነው፤ ሐኪሞቹ ኋላ መጥተው ነው የወረሱት። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ነገር ማወቅ ደስ ይለናል፣ ለማንም ባይጠቅምም።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን አብሮን የሚኖር የባዮሎጂ ተማሪ ነው። እኛ ሦስታችን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ የዶርማችን አራተኛ አልጋ የሱ ነው። ስሙን አንጠራም፣ «አትጥሩኝ» ብሎናል። ከጉራጌ አገር የመጣ፣ ዘንድሮ የሚመረቅ ልጅ ነው። ለእናቱ በስልክ «ለዶክተርነት ልማር አስቤያለሁ» ቢላቸው እልል አሉ። ቆየት ብለው «የምን በሽታ ዶክተር?» ሲሉ ጠየቁት። «የእንሰት» አላቸው። ስልኩ ውስጥ ዝም ተባለ። ከዚያ የመለሱለትን ባገራቸው ቋንቋ ሰምቶ ለኛ እንዲህ ሲል ተረጎመልን፦ «እንሰት ደግሞ የቱ ጋ ነው የሚወጋው?»

ሳቅን። እሱም ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

እንሰት በሚበላበት አገር ያላደገ አንባቢ ይኖራልና ትንሽ እናስረዳ። ከእንሰት ቆጮ ይገኛል፣ ቡላ ይገኛል፣ አሚቾ ይገኛል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በሱ ይኖራል። ይህን ተክል የሚያጠወልግ ባክቴሪያ አለ፣ ዛንቶሞናስ ይሉታል። እንሰት ላይ መታየቱ በሳይንስ መጽሔት የወጣው በ1968 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1974 እዚሁ አገራችን ሙዝ ላይም እንደሚገኝ ተጻፈ፤ በ2001 ደግሞ የኡጋንዳን ሙዝ ሲፈጅ ተገኘ። መድኃኒት የለውም። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ መሳይ ፈሳሽ ያወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ነቅሎ መጣል ነው። ከሚያዛምቱት ነገሮች አንዱ ቢላዋ ነው፤ የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ከነካ በቃ። ሙሉ በሙሉ የሚቋቋም ዝርያ እስካሁን አልተገኘም። እንደ ማዚያ ያሉ፣ ከሌሎቹ የተሻሉ ግን አሉ። ወዳጃችን ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ማዚያ ሌሎቹ የሌላቸው ምን አላት? በእናቱ ጓሮ ካለፈው ክረምት ወዲህ ዘጠኝ እንሰት ተነቅሏል። እንሰት ደግሞ እንደ ጎመን በወር የሚተካ ነገር አይደለም፣ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል።

ታዲያ ለመሆኑ ለዚህ ማዕረግ የሚጠየቀው ምንድነው? እኛ «ብዙ ማንበብ» መስሎን ነበር። አንድ ቅዳሜ ወዳጃችን የሰበሰባቸውን ወረቀቶች አልጋ ላይ ዘርግተን አራታችንም አነበብናቸው።

የአሜሪካው መንገድ አንድ የገረመን ነገር አለው። በሕይወት ሳይንስ ዶክተሬት ለመጀመር ማስተርስ ግዴታ አይደለም፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ ይገባል። የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃ፣ የሦስት መምህራን ደብዳቤ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት፣ እንዲሁም ምን መመራመር እንደሚፈልግ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ጂአርኢ የሚሉትን ፈተና ብዙዎቹ የባዮሎጂ ክፍሎች በቅርብ ዓመታት ትተውታል። አብልጠው የሚመዝኑት ሌላ ነው፦ ይህ ልጅ ላቦራቶሪ ገብቶ በእጁ ሠርቶ ያውቃል ወይ? እዚህ ላይ ወዳጃችን ዝም አለ። በአራት ዓመት ውስጥ ማይክሮፒፔት የያዘባቸውን ቀኖች በጣቱ ቆጥሮ ጨረሰ። በአንድ ኮርስማ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በዙሪያው ቆመው «አይተው» ነው ያለፉት።

ገብቶ ደግሞ ወዲያው ተመራማሪ አይሆንም። በመጀመሪያው ዓመት ኮርስ እየወሰደ በሦስት ያህል ላቦራቶሪዎች ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት ሳምንት ይሠራል፤ ሮቴሽን ይሉታል። በመጨረሻ እሱ አንዱን ይመርጣል፣ ያም እሱን ይመርጠዋል። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ፣ አያቱ የቅኔ መምህር የነበሩት፣ «ይሄማ የኛ ነው!» ብሎ ተነሣ። ነገሩ እውነት ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው የሚዞረው ለምን ነበር? አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል፤ የሚሆነውን መምህር ሲያገኝ ደግሞ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ልዩነቱ የአሜሪካው ተማሪ ውሻ የማያባርረው መሆኑ ነው። ትምህርቱ ይከፈልለታል፣ ለኑሮውም በየወሩ ደመወዝ መሳይ ይሰጠዋል። በ2025 የመንግሥት የምርምር ገንዘብ በመቀነሱ ግን አንዳንዶቹ ክፍሎች የሚቀበሉትን ተማሪ ቁጥር አሳንሰዋል፤ ወዳጃችን ይህን ወረቀት ከሌሎቹ ለይቶ ትራሱ ሥር አድርጎታል።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ትልቁ ፈተና ይመጣል። ተማሪው ሊሠራ ያሰበውን ምርምር ጽፎ አራት አምስት ፕሮፌሰሮች ፊት ይቆማል። እነሱም ይጠይቁታል፣ ይመልሳል፣ አሁንም ይጠይቁታል፤ የዕውቀቱ ዳር እስኪገኝ ድረስ አይለቁትም። ካለፈ እጩ ይባላል። ከወደቀ ብዙ ጊዜ አንድ ዕድል ይሰጠዋል፤ ያም ካልሆነ ማስተርስ ይዞ ይሰናበታል። ያለፈው ደግሞ ሦስት አራት ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ይከርማል። በመጨረሻም የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፦ ከሱ በፊት ማንም ያላወቀውን ትንሽ ነገር ማሳየት። ትንሽ ትሁን ግድ የለም፣ አዲስ ትሁን እንጂ። በብዙ ቦታ ይህችው ነገር በስሙ በሳይንስ መጽሔት መውጣት አለባት። ሁሉም ሲደመር አምስት ዓመት ተኩል ስድስት ዓመት የተለመደ ነው።

«አዲስ ትሁን» በሚለው ላይ ብዙ አወጋን። የቅኔ ቤቱ ልጅ ዋዛ የሌለበት ነገር ተናገረ። ቅኔ አይደገምም፤ ትናንት የተቀኙት ዛሬ ቢባል ነውር ነው። ተማሪው ሌሊቱን ዱር ለዱር ሲቆጥር አድሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል። ድጓ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ እዚያ የሚጠየቀው ከተሰጠው አንዲት ምልክት ሳያጎድሉ መያዝ ነው፣ ለዚህም ተማሪው የራሱን ድጓ በእጁ ጽፎ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። እንግዲህ ዶክተሬት የቅኔ ልጅ ነው ወይስ የድጓ? እኛ «የቅኔ» አልን። ወዳጃችን ግን «አንድ ሺህ ቅጠል አንድ ዓይነት አድርጎ መቁረጥ ምን ቅኔ አለበት? እስከ አምስተኛው ዓመት ድጓ ነው፤ የመጨረሻዋ ቀን ብቻ ነች ቅኔ» አለን። አሸነፈን።

በአውሮፓ ብዙውን ጊዜ ማስተርስ ቀድሞ ይጠየቃል፣ ዶክተሬቱ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው፣ ተማሪውም በብዙ አገር እንደ ሠራተኛ ይቀጠራል። ሥርዓታቸው ያስቃል። ስዊድኖች መጽሐፉ ከመመከቱ ከሳምንታት በፊት በሚስማር ግድግዳ ላይ ይመቱታል፤ ማንም አንብቦ እንዲቃወም ነው። ሆላንዶች ዘንድ ጥያቄው ሲፋፋም በትር የያዘ ሰው ገብቶ በላቲን «ሆራ ኤስት» ይላል፣ ሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው፤ የተጀመረ መልስ እንኳ እዚያው ይቆማል። ፊንላንዶች ሰይፍና ባርኔጣ ያስታጥቃሉ። ይህን የሰማ ወዳጃችን «ሰይፉን ለእናቴ ብልክላት እንሰት ትቆርጥበታለች» አለ።

እዚሁ አገር መማርም አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ በ1979፣ ዶክተሬት ደግሞ በ1987 ጀምሯል፤ ዛሬ ዶክተሬት የሚሰጡ ሌሎችም አሉ። ያስጨነቀን ሌላ ነው። ስሙን በማንጠራው አንድ ላቦራቶሪ የሚሠራ የዶክተሬት ተማሪ አግኝተን ነበር። የሁለት ዓመት ናሙናው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። በበዓል ሰሞን መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፣ ቁልፉን የያዘው ሰው አገሩ ገብቷል። ከበዓል ሲመለስ ሁሉም ቀልጧል። «ምን አደረግህ?» አልነው። «እንደገና ጀመርኩ» አለን፣ ሻዩን እያማሰለ። እንዲያው የአንዱ መጽሐፍ ገጽ ቢቀደድብን ሳምንት የምናለቅስ እኛ ምን እንበል? ከመመዘኛዎቹ ሁሉ በየትኛውም ወረቀት ላይ ያልተጻፈው ይህኛው ነው።

ሌላም ያልተጻፈ አለ። ባለፈው ዓመት አንድ የባዮሎጂ ዲፌንስ ላይ ገብተን ነበር። እውነቱን ለመናገር የገባነው በኋላ ሻይና ኬክ አለ ስለተባለ ነው። ከተባለው ሁሉ የገባን «እንደምን ዋላችሁ» የሚለው ብቻ ነበር። በመካከሉ ከውጭ የመጡት ፈታኝ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ልጁ አሰበ፣ አሰበና «አላውቅም» አለ። እኛ ደነገጥን፣ ወደቀ አልን። እሱ ግን ቀጠለ፦ «ለማወቅ ብፈልግ እንዲህና እንዲህ አድርጌ እሞክር ነበር።» ፈታኙ ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጽፈው ፈገግ አሉ። እኛ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ስንጠየቅ፣ ብናውቅም ባናውቅም ሁለት ገጽ እንሞላለን። «አላውቅም» ብሎ ማርክ ያገኘ ተማሪ አይተን አናውቅም።

ማዕረጉ ራሱ ዕውቀት አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ማስረጃም አያጡም። ፍራንሲስ ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ከዋትሰን ጋር በ1953 ሲያወጣ ዶክተሬቱን ገና አልጨረሰም ነበር፤ ያገኘው በ1954 ነው። ለወባ አርቴሚሲኒን የተባለውን መድኃኒት ያወጡት ቻይናዊት ቱ ዮዮ ያለ ዶክተሬት በ2015 ኖቤል ተሸልመዋል። ይሁንና እነዚህን ስም እየጠሩ ከትምህርት መቅረት ያስቃል፤ እኛም አንዳንዴ እናደርገዋለን።

እኛን ይበልጥ ያከራከረን የመሄድና የመመለስ ነገር ነው። ወዳጃችን ዘንድሮ ተመርቆ ሥራ ቢይዝ ደመወዙ የሁለት ታናናሾቹ መማሪያ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ስድስት ዓመት ቆይቶ ሲመጣ ጓሮው ባዶ ይሆናል፣ ለማን ነው የሚያጠናው?» አለ። ሌላው ዶክተር አክሊሉ ለማን ጠቀሰ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዶክተሬታቸውን ባገኙበት በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ያዩት እሳቸው ናቸው። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ናቸው። እንዶዱን ሴቶቹ ከጥንት ያውቁታል፤ የዶክተሩ ድርሻ «ለምን ሞቱ?» ብሎ መጠየቅና እስከ መጨረሻው መከታተል ነበር። ተመልሰው ባይሆን ኖሮ ያንን ወንዝ መቼ ያዩት ነበር? ሦስተኛው ደግሞ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታን አነሣ። ከዓለማያ ወጥተው በ1978 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሆኑ፤ ኋላም መቀመጫቸውን እዚያው አደረጉ። አቀንጭራን የሚቋቋመው ማሽላቸው ግን የአፍሪካ ገበሬ ማሳ ገብቷል፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። እኩል ወጣን። ወዳጃችን ክርክሩን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያዳምጥ ነበርና «ስትጨርሱ መብራት አጥፉ» አለን።

በማግሥቱ ግን ለማመልከቻው የሚሆነውን ጽሑፍ ይዞ መጣ፤ እንግሊዝኛውን እንድናርምለት። ለአሜሪካም ለዚህ አገርም ሊሞክር ወስኗል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ይላል። ሰረዝነው። ተቆጣ። «መቼ ነው ፍቅሩ የጀመረህ? ምን ስታይ?» ብለን ያዝነው። ብዙ አሰበ። እናቱ እንሰት በቆረጡ ቁጥር፣ ወደ ሚቀጥለው ከመሄዳቸው በፊት፣ ቢላዋውን በእሳት ሲለበልቡት አይቶ ያውቃል። ማን እንዳስተማራቸው ቢጠይቃቸው «ምን ማን ያስተምራል፣ ይዞ ይዞራል እኮ!» ብለውታል። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ቢላዋው ላይ ምን እንዳለ ለማየት ተጠግቶ ጣቱን ተቃጥሏል። ጠባሳውን አሳየን።

ይህንኑ አስገባነው። ቢላዋ የሚለውን በየትኛው የእንግሊዝኛ ቃል እንጻፈው በሚለው ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ማመልከቻው የሚዘጋው በኅዳር መጨረሻ ነው። ሁለቱ መምህራን ደብዳቤያቸውን ልከዋል፣ ሦስተኛው «ነገ» ካሉት ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነው።