አክተር አይሞትም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2012 ዓ.ም. — ፍኖተ ሰላም

የእህቴ ልጅ ፍላሹን ይዞ ፊልም ሊያስጭን ሄደ። እኔ ያዘዝኩት አንድ ብቻ ነው፤ የብሩስ ሊን «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ»። ማታ ራት ተነሥቶ ስንከፍተው ብቅ ያለው ሰውዬ ጄት ሊ ሆኖ ተገኘ። ጫኙ ልጅ «ሊ» የምትለዋን ብቻ ሰምቶ መሆን አለበት።

«ጋሼ፣ ያው ነው እኮ፤ ሁለቱም ሊ ናቸው» አለኝ።

ላጠፋው ሪሞት አንሥቼ ነበር፤ እጄ ላይ ቀረ። ሻንጋይ፣ ጃፓኖች፣ መምህሩ እንደ ሞተ ሰምቶ ከሩቅ የሚመጣ ተማሪ፣ መመረዝ… ይሄን እኮ አውቀዋለሁ! የቸን ዤን ታሪክ ነው፣ እንደ አዲስ የተሠራ። የጄት ሊው «ፊስት ኦፍ ሌጀንድ» ይባላል። የብሩስ ሊው በ1972 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ይሄኛው በ1994። መምህሩ ሁዎ ዩዋንጂያ በእውነት የነበረ ሰው ነው፤ በ1910 ሻንጋይ ላይ የጂንግዉ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ዓመት ነው የሞተው። ተማሪው ቸን ዤን ግን ለፊልም የተፈጠረ ነው። ያልነበረው ሰው የነበረውን በዝና በለጠው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ቢሮ ሥራ ስላልነበረ ቀኑን ሙሉ የድሮው ቪዲዮ ቤት ትዝ ሲለኝ ዋለ። ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ፣ መግቢያው 50 ሳንቲም። በር ላይ በጠመኔ «ዛሬ ካራቴ» ተብሎ ይጻፋል። ቡጢ ያለበት ሁሉ ካራቴ ነበር፤ ኩንግ ፉ የሚባል ቃል የሰማነው ዘግይተን ነው። የሚተረጉምልን ከእኛ ሁለት ክፍል የሚቀድም ልጅ ነበር፤ እንግሊዝኛው ከእኛ ባይሻልም ድፍረቱ ይሻላል።

እዚያ ቤት አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ አክተር አይሞትም። የሕንዱ አክተር ስድስት ጥይት ጠጥቶ ይነሣል። ስለዚህ ብሩስ ሊ መጨረሻ ላይ ጠመንጃ ወደ ደገኑት ወታደሮች እየጮኸ ሲዘልና ምስሉ አየር ላይ ቀጥ ሲል፣ ያን ሁሉ የተኩስ ድምፅ እየሰማን፣ ሁላችንም የጮኽነው በዴኩ ባለቤት ላይ ነው።

«ፖዙን ልቀቀው! ኧረ ልቀቀው!»

ሰውዬው ሳቀና መብራቱን አበራ። ገንዘባችን ይመለስ ያለም ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተከራከርን፤ የኛ ወገን መከራከሪያ «መሬት አልነካም» የሚል ነበር። ሲወድቅ ያየው የለማ። እኔ ቤት በር ላይ አባቴ ልምጭ ይዞ ስለ ጠበቀኝ የክርክሩን መጨረሻ አልሰማሁም።

በማግስቱ ደግሞ ሁለት የባሕር ዛፍ ዱላ በጥጃ ገመድ አያይዘን እንደሱ ልናሽከረክር ሞከርን። ግንባሬ ላይ ያለችው ትንሿ ጠባሳ የዚያን ቀን ናት። ሚስቴ የጦርነት ታሪክ ያላት ይመስላታል፤ አላስተባበልኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ልጁ ትምህርቱን ሳይጨርስ አይሆንም ብዬ፣ እሱ ሲተኛ የጄት ሊውን ብቻዬን ደገምኩት። መዝጊያ እንደሚጠብቅ ሌባ ድምፁን ቀንሼ።

ሁለቱም ፊልሞች ላይ ቸን ዤን ጃፓኖቹ የሚሠለጥኑበት አዳራሽ ብቻውን ገብቶ ሁሉንም ይመታል። ብሩስ ሊ የሚገባው ንዴቱን ተሸክሞ ነው። ለቀብሩ «የምሥራቅ እስያ በሽተኞች» የሚል ጽሑፍ አምጥተውላቸው ነበርና ከመታቸው በኋላ ወረቀቱን ቀድዶ ያስበላቸዋል። ጄት ሊ ግን ሲመታ እንኳ ይቆጥባል፤ እጁን ሰብስቦ፣ ተራ ጠብቆ፣ ሊጎዳው የማይፈልገውን ሰው እንደሚያስተምር። እንደ ድብድብ ካየነው አዲሱ ይበልጣል፤ ሐሰት መናገር አልወድም። ያቀናበረው ዩን ዎ ፒንግ የሚባለው ነው፤ «ማትሪክስ» ላይ ኪያኑ ሪቭስን ያሠለጠነው እሱ ነው። በአሮጌው ላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ የጃፓኖቹ አለቃ ተመትቶ ግድግዳ ጥሶ ሲወጣ፣ ያ የሚወረወረው ሰው በምትክ የገባ ጃኪ ቻን ነው። ያኔ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ስንት ጊዜ አይተነዋል፣ አላየነውም።

አዲሱ ያመጣው ሌላ ነገር ሚትሱኮን ነው። ቸን ዤን ጃፓን ሲማር የወደዳት ልጅ ናት። የጂንግዉ ሰዎች ጃፓናዊት ናት ብለው አላስጠጋ ሲሏቸው ወጥተው ጎጆ ይቀልሳሉ። ፉናኮሺ የሚባል ጃፓናዊ መምህርም አለ፤ ነፋሱ ዓይናቸውን ሲያስቸግር ከቸን ዤን ጋር ዓይናቸውን አሥረው ይጋጠማሉ፣ በክብርም ይለያያሉ። በአሮጌው እንዲህ ያለ ጃፓናዊ የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 — ቡሬ

በርበሬ ልገዛ ሄድኩ። ለዓመት የሚሆነን ነው፤ ዘንድሮ ቀለሙ ደህና ነው፣ ዋጋው ግን ሳይፈጭ ያቃጥላል። በየደጁ ተሰጥቷል፤ ሚኒባሱ ውስጥ እንኳ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል።

ማንኩሳ ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። የልቦለዱ የበዛብህ አገር። አንድ ሴትዮ ዶሮ ይዘው ወረዱ፤ በጾም ለማን እንደሆነ እንጃ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ከእኔ ይልቅ ታውቀው ነበር፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ ከራዲዮ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን እሷ የተቀበለችው እንደ ጎረቤት ወሬ ነው። የመጨረሻው ክፍል ሲደርስ ተነሥታ ራዲዮኑን ዘጋችው። አባቴ «ለምን?» ቢላት «አውቄዋለሁ፣ ይበቃኛል» አለች። እሷ ጋ በዛብህ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 21

አሮጌው ፊልም ተገኘ። ምስሉ የደበዘዘ፣ የደራሽ ጎርፍ ዓይነት ቀለም ያለው ነው፤ ግን እሱው ነው። አባቴ መደቡ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ በርበሬ ይቀነጥስ ነበር። ፊልም አይወድም። የእህቴ ልጅ መሬት ተቀምጧል።

የጃፓኖቹ አስተርጓሚ፣ ያ ቻይናዊው፣ ቀብሩ ላይ ገብቶ ሲያላግጥ አባቴ ቀና አለ።

«ይኸ ደሞ የማን ወገን ነው?»

«ቻይና ነው አባባ፤ ለጃፓኖቹ ነው የሚያስተረጉመው።»

«ባንዳ በለኛ!»

ከዚያ በኋላ በርበሬው ቀረ። ጣልያን በየካቲት 1933 ከቡሬ ሲወጣ አባቴ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አባቱ ዱር ነበሩ። ሻንጋይ የት እንደሆነች አልጠየቀም። ቸን ዤን ሪክሾ ጎታች መስሎ ያንን አስተርጓሚ ሲገድለውና ሲሰቅለው «ደግ አደረገ» ብሎ አፍንጫውን ጠረገ።

መጨረሻው መጣ። ጩኸቱ፣ ዝላዩ፣ ተኩሱ። ምስሉ ቆመ።

«ሞተ?» አለ አባቴ።

«መሬት አልነካም» አለ የእህቴ ልጅ። እኔ አልነገርኩትም፤ እግዜር ያውቃል።

በጄት ሊው ላይ ሞተ ተብሎ እንደሚነገርና እሱ ግን ወደ ማንቹሪያ እንደሚሄድ ልጁ ለአያቱ አስረዳ። አባቴ ዝም ብሎ ቆየና ከእኔ ጋር የሚያወራ መስሎ ለራሱ ተናገረ። አርበኛው በላይ ዘለቀ በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀል አባቴ ሰባት ዓመቱ ነበር። ወሬው ሲደርስ አያቴ እንጀራ ስትጋግር ነበርና ምጣዱን ሳትለቅ «ማን አየው?» አለች አሉ። እስክትሞት ድረስ ያንኑ ትል ነበር፤ ማን አየው።

«ኋላስ አመነች?» አልኩት።

«ሬሳ አላሳዩአትማ።»

የበርበሬውን ሰፌድ ወደ ራሱ ሳበ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ፍላሹ ሞላ። ልጁ ሌላ ፊልም ሊያስጭን ይፈልጋል፤ ጫኙ ደውሎ ከሁለቱ ካራቴዎች አንዱን ላጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«ሌላ ምን አለበት?»

«የሠርግ ቪዲዮ አለ ጋሼ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል።»

የራሴ ነው። ሚስቴ ጓዳ መሆኗን አየሁና ድምፄን ቀነስኩ።