ስለ ከርከዴ አዘራርና ስለ አንዲት እናት አሳብ

በሀገራችን ቡና፥ በደቡብ አሜሪካ ማቴ፥ በሱዳን ደግሞ ከርከዴ እንግዳ የሚከበርባቸው መጠጦች ናቸው። ማቴ የዛፍ ቅጠል ስለ ሆነና ዛፉም ለብዙ ዘመን ስለሚቆይ፥ የሚተክለው ሰው ቤቱና መሬቱ የጸና ሊሆን ይገባል። ከርከዴ ግን በክረምት ተዘርቶ በዚያው ዓመት የሚለቀም ነው። ስለዚህ መሬት ለሌለው ሰው እንኳ የሚስማማ ቀላል ተክል ይመስላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን የተረዳሁት በሐምዳይት ነው።

ሐምዳይት በምሥራቅ ሱዳን፥ ከሁመራ ማዶ፥ ሱዳኖች ሰቲት በሚሉት በተከዜ ወንዝ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከ60,000 የሚበልጥ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲሸሽ፥ ብዙው የገባው በዚህች ከተማ በኩል ነበር። ከዚያም አያሌው በገዳሪፍ ወዳሉት ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያዎች ተወሰደ፤ በሐምዳይት የቀረም ነበረ። ከቀሩት አንዷ አክስቴ ነበሩ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ልጠይቃቸው ብሄድ፥ አንዲት ሱዳናዊት ጎረቤት ከአጥር ሥር ጠባብ መደብና አንድ እፍኝ የከርከዴ ዘር ሰጥታቸው፥ ዘሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘው አገኘኋቸው። ዝናቡ ጀምሮ ነበርና «አክስቴ፥ ምነው አይዘሩትም?» አልኋቸው።

«ልጄ፥ የዘራ ሰው እኮ እስኪለቅም ይቈያል። ይህን ከዘራሁ እስከ ኅዳር እዚሁ ነኝ ማለቴ ነው። በየማታው ‹ነገ አገራችን እንገባለን› እያልኩ ልጆቹን የማስተኛ እኔ፥ ከአጥሩ ሥር ሲበቅል ሲያዩ ምን ልበላቸው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ከርከዴ ግን የሰውን ማመንታት አይጠብቅም። የሚያብበው ዕድሜው በመሙላቱ ሳይሆን ቀኑ በማጠሩ ነው። ቀድሞ የተዘራውም ዘግይቶ የተዘራውም ክረምቱ አልፎ ቀኑ ሲያጥር ያብባሉ። ልዩነታቸው፥ የመጀመሪያው ሰፊ ቍጥቋጦ ሆኖ ብዙ ሲሰጥ፥ የዘገየው አጭር ሆኖ ጥቂት መስጠቱ ነው። አክስቴ የዘሩት ሐምሌ ሲያልቅ ነበር። ልጆቹንም «ለአገራችን ዘር እያበዛን ነው» አሏቸው።

አበባው ነጣ ያለ ቢጫ፥ መካከሉም የጠቈረ ቀይ ሆኖ በአንድ ቀን ይጠወልጋል። ብዙ ሰው የሚጠጣው ይህ አበባ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚወፍረው ቀይ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ርጥብ ሳለ በእጅ ይለቀማል፤ ፍሬው ከመካከሉ ተገፍቶ ይወጣል፤ ሽፋኑም በጥላ ሥር ተሰጥቶ ይደርቃል። አሥር ኪሎ ርጥብ ቢለቀም፥ ደርቆ የሚገኘው አንድ ኪሎ ያህል ነው። ለዘር የሚፈለገው ፍሬ ግን ከነግንዱ እስኪደርቅ ይተዋል።

በቤት ለመጠጣት የሚወድ ሰው ጥቂት ጭብጥ በፈላ ውሃ ይዘፍዝፍ፤ ቀዝቃዛውን የሚመርጥ ደግሞ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ያሳድረው። ጎምዛዛ ስለ ሆነ ስኳር ይፈልጋል። ጎምዛዛነቱ አሉሚኒየምን ስለሚበላ፥ የሸክላ ወይም የመስተዋት ዕቃ ይሻለዋል።

ይህ ተክል ከአፍሪካ በባርነት ከተጋዙ ሰዎች ጋራ ውቅያኖስ ተሻግሮ በካሪብ ደሴቶች በቅሏል። ሜክሲኮዎችም እስከ ዛሬ ስሙን «ጃማይካ» ይሉታል። ያን ዘር በባዕድ መሬት የዘሩት ሰዎች አገራቸውን ስለ ረሱ አልነበረም።

አክስቴ በታኅሣሥ በላኩልኝ መልእክት፥ የደረቀው ከርከዴ ለጥቂት ቀን መጠጥ ብቻ እንደ በቃ፥ ዘሩ ግን አንድ እፍኝ የነበረው ሦስት እፍኝ እንደ ሆነ ነገሩኝ። አንዱን እፍኝ ለጎረቤታቸው መልሰው፥ ሁለቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋል።